አሮጊቷ የለሰለሰችበት ጊዜ

ጡረታ ልወጣ ስል የሰጡኝ የክሊራንስ ቅጽ ላይ «በእጅዎ የሚገኝ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት» የሚል መስመር አለ። አንድ ካልኩሌተር፣ ሁለት ጋዋን፣ አንድ የመሳቢያ ቁልፍ ብዬ ሞላሁ። ንብረት ክፍል ያለችው ልጅ ሦስቱንም ቆጥራ ተረከበችና ማኅተሟን መታች፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት በሩብ ሰዓት አለቀ። ትልቁን ንብረት ግን ማንም አልጠየቀኝም። አንዲት ባክቴሪያ ነበረች። በደህና ተረክቤያት ነበር፤ እንደተረከብኳት ግን አላስረከብኳትም። የምጽፈው ስለ እሷና እሷን ስላገኟት ስለ ጋሽ ዘሪሁን ነው። ስለ ራሴም መጻፌ አልቀረም።

ዘይነባ እባላለሁ። ያደግኩት ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ የከፈታት ጠባብ ሱቅ ነበረች፤ ክር፣ መርፌ፣ ቁልፍና ዚፕ ይሸጥባታል፤ ደንበኞቹ በረንዳው ላይ መኪናቸውን ዘርግተው የሚውሉ ልብስ ሰፊዎች ናቸው። የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ሆኜ ስመረቅ ከከተማ ርቆ ያለ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰገራና ሽንት በማይክሮስኮፕ አየሁ። ከዚያ አንድ ዓመት የመጠጥ ውሃ ምርመራ ክፍል ሠራሁ። ከዚያ ደግሞ ከምኒልክ አደባባይ ከፍ ብሎ፣ አሮጌ ፎቅ ላይ ወዳለ የምርምር ላቦራቶሪ ተዛወርኩ። ሳይንስ ወድጄ ነው ብል ውሸት ነው። ደመወዙ ያው ነበር፣ ከቤቴ ግን በእግር ያስኬዳል።

ጋሽ ዘሪሁን የክፍሉ ተመራማሪ ነበሩ። በስማቸው ፊት ዶክተር የሚል ነገር የለም፤ አንዲት ዲግሪያቸውን ይዘው ዕድሜ ልካቸውን የአፈር ባክቴሪያ ሲያሳድዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የገባሁ ዕለት ሰላምታ ሳይጨርሱ እጄን አዩና «ቀለበትሽን አውልቂ» አሉኝ። አወለቅኩ። በማግስቱ ሽቶ ተቀብቼ ስመጣ ወደ ቤቴ መለሱኝ።

«እዚህ ክፍል የሚሸት ነገር ካለ ከፕሌቱ ነው መምጣት ያለበት» አሉ።

ፕሌት የምንለው ክዳን ያለው ትንሽ ክብ ሳህን ነው። ምግብ ተበጥብጦ፣ አጋር በሚባል ማርጊያ ረግቶ ይፈስበታል፤ ባክቴሪያው እዚያ ላይ ይበቅላል። የጋሽ ዘሪሁን ባክቴሪያዎች እውነትም ይሸታሉ። ደረቅ መሬት የመጀመሪያውን ዝናብ ሲያገኝ የሚሸተው ሽታ ከእነሱ የሚወጣ ነው፤ ይህን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እስከዚያ ድረስ ዝናቡ የሚሸት ይመስለኝ ነበር።

ብዙ ልማድ ነበራቸው። ማስታወሻ የሚጽፉት በእርሳስ ብቻ ነው፤ ቀለም ውሃ ሲነካው ይሸሻል፣ እርሳስ አይሸሽም ይላሉ። ምንም ያልበቀለበት ፕሌት እንኳ ሳምንት ሳይቆይና በመስኮት ብርሃን ሳይታይ አይጣልም። የባክቴሪያውን ምግብ ራሳቸው ነበር የሚያበስሉት፤ አጃ ገዝተው ይመጣሉ፣ ይቀቅላሉ፣ በሻሽ ያጠላሉ። ክፍሉ አራስ ቤት አጥሚት የሚሠራበት ይመስል ነበር። «ቀጠን አድርጊው» ይሉኛል። «አፈር ውስጥ ማን ጠግቦ ያድራል?»

ከሁሉም የማልረሳው ግን ባክቴሪያ የሚያዛውሩበት መንገድ ነው። አንዱን ባክቴሪያ ለዓመታት ለማቆየት በየሦስት ወሩ ከአሮጌው ፕሌት ወደ አዲስ ማዛወር ያስፈልጋል። ጥልቅ ማቀዝቀዣ በዚያን ጊዜ አልነበረንም፤ በኋላ የመጣውም መብራት ሲሄድ ሲመጣ ብዙ አልቆየም። አሠራሩ ቀላል ነው። የሽቦ ቀለበቷን በእሳት ታግላለህ፣ ታቀዘቅዛለህ፣ አሮጌውን ትነካለህ፣ አዲሱ ላይ ትጭራለህ። ጋሽ ዘሪሁን ግን አንድ ቦታ ነክተው አያውቁም። ሰባት ቦታ ይነካሉ። ከለሰለሰው፣ ከተጨማደደው፣ ከዳር ከቀረው፣ ሊሞት ከደረሰው፣ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ወስደው ባንድ ላይ ያዛውራሉ። ማስታወሻው ላይም «ከሰባት ቦታ» ብለው ይጽፋሉ። ለምን ሰባት ሆነ ብዬ ስጠይቃቸው «ስምንት ስለሚበዛ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩም።

ላቦራቶሪው በገባሁ በዘጠነኛው ዓመት ከአባቴ ሱቅ ጀርባ የነበረ አንድ አሮጌ የጣውላ ቤት ወለሉ ተነስቶ ይታደስ ነበር። ነገሩን ሳነሳባቸው ጋሽ ዘሪሁን ማንኪያና ፖስታ ይዘው ሄዱ፤ እኔም ተከተልኩ። ከበሰበሰው ወለል ሥር ተንበርክከው አፈር በማንኪያ እየዛቁ ፖስታ ውስጥ ሲጨምሩ አባቴ ከሱቁ ወጥቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከታቸው።

«ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው?» አለኝ።

«አለቃዬ ናቸው።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም» ብሎ ገባ።

ከዚያ አፈር ከበቀሉት ሁሉ አንዷ ግራጫ ነበረች፤ የተጨማደደች፣ ዝግ ብላ የምታድግ፣ አጋሩን ነክሳ የያዘች። ቁጥር ተሰጣት፤ እኛ ግን አሮጊቷ አልናት። ከቁስል የተገኘ መግል አምጪ ጀርም አንድ ሙሉ ፕሌት ላይ ቀብተን መሐሉ ላይ አሮጊቷን አስቀመጥናት። በሁለተኛው ቀን ጀርሙ ፕሌቱን ሞልቶታል፤ እሷ ዙሪያ ግን የሁለት ጣት ስፋት ያህል ቦታ ንጹሕ ነው፤ ምንም አልበቀለበትም። የምታወጣው ነገር ጀርሙን ገድሎታል ማለት ነው። ጋሽ ዘሪሁን ያንን ባዶ ክብ በተማሪ ማስመሪያ አራት ጊዜ ለኩት። ከዚያ ወጥተው ጊዮርጊስን ዞረው መጡ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። «ጉንፋን ነው» አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

በዚያው ሳምንት፣ ይህን መርዝ ከየት አመጣችው ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥያቄው ደስ አላቸው።

«አባትሽ በረንዳ ላይ ስንት ሰፊ አለ?»

«አምስት።»

«አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ይገጣጥማል፣ አንዱ ቁልፍ ይተክላል፤ አይደለም? እሷም ውስጥ እንደዚያው ነው። ኢንዛይም ማለት ሠራተኛ ነው። ተሰልፈው ይቆማሉ፤ አንዱ ቁራጩን ለቀጣዩ ያቀብላል፤ መጨረሻ ላይ መርዙ ተሰፍቶ ይወጣል።»

«ማን አስተማራቸው?»

«ማንም። እነሱ ዱሮ ስብ ሠሪ ነበሩ።»

ከዚያ በአንድ እስትንፋስ አስረዱኝ፤ እንደገባኝ ልጻፈው። ማንኛዋም ባክቴሪያ የሰውነቷን ግድግዳ የምትሠራበት ስብ ያስፈልጋታል፤ ስቡን የሚሰፉ ኢንዛይሞች አሏት። ኢንዛይሙ እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈበት ደግሞ ጂን ነው። ባክቴሪያዋ ስትራባ ጂኑ ይገለበጣል፤ አልፎ አልፎ በስህተት ሁለት ጊዜ ይገለበጣል። አንዱ ቅጂ የዱሮ ሥራውን ይቀጥላል፣ እሱ ካቆመ ሞት ነው። ሁለተኛው ግን ሥራ ፈት ነው። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት ነው ነገሩ» አሉ ጋሽ ዘሪሁን እየሳቁ። ሥራ ፈቱ ቅጂ ላይ ስህተት ይጠራቀማል፤ ስህተቱ ማንንም ስለማይገድል ማንም አያርመውም። አብዛኛው ስህተት ከንቱ ሆኖ ይቀራል። ከብዙ ሺህ ዘመን አንድ ጊዜ ግን ያ የተበላሸ ስብ ሠሪ የሚሰፋው ነገር ጎረቤት የሚገድል ሆኖ ይገኛል። ጎረቤቱ የሞተበት ሰፊ መሬት ያገኛል፣ ልጆቹም ይበዛሉ። ከዚያ አንድ ሠራተኛ ይጨመራል፣ ሌላው ይቀየራል፤ ሰልፉ ይረዝማል። መርዙን የሚሠራ ደግሞ ማርከሻውንም አብሮ መያዝ አለበት፤ አለዚያ መጀመሪያ የሚሞተው ራሱ ነው።

«ግን ይሄ ሁሉ ሠራተኛ ይበላል» አሉ መጨረሻ ላይ። «አሮጊቷ ዝግ ብላ የምታድገው ለዚህ ነው። ጉልበቷን ሠራተኞቿ ይጨርሱባታል።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኳት። ከሁሉም የሚያስፈልገኝ እሷ ነበረች።

ጋሽ ዘሪሁን ከአሮጊቷ ጋር ስምንት ዓመት ኖሩ። በየዓመቱ ገዳይነቷን ይፈትናሉ፤ በየዓመቱ ክቡን ለክተው በእርሳስ ይስሉታል። የምታወጣውን ነገር ጨምቀው፣ አድርቀው በአንዲት ቡናማ ጠርሙስ አስቀመጡ። ምንነቱን ለይቶ የሚያውቅ መሣሪያ እኛ ዘንድ አልነበረም፤ ውጭ ለመላክ የጻፉት ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ጡረታቸው ደረሰ። ሲሄዱ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጠው «አደራ» አሉኝ።

አዲስ ኃላፊ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥርዓት የሚወድ፣ ንጹሕ ሰው ነበር። አጃው ቀርቶ ከውጭ የሚመጣ፣ ተበጥብጦ ብቻ የሚፈስ የተመጣጠነ ዱቄት አስገዛ። ባክቴሪያዎቹ ጠገቡ። በጀት የለም ተብሎ በየዓመቱ የሚደረገው ፍተሻ ቆመ፤ የእኔ ሥራ በየሦስት ወሩ እያዛወሩ በሕይወት ማቆየት ብቻ ሆነ። ጎብኚ ሲመጣ ደግሞ ፕሌቶቹ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። አንድ ቀን ኃላፊው ከእኔ ፕሌቶች አንዷን ወደ ብርሃን አንስቶ ለእንግዶቹ «ሥራ ማለት እንዲህ ነው» አለ። ፕሌቷ የአሮጊቷ ነበረች፤ በአጋጣሚ አብዛኛውን ከለሰለሰ ቦታ የወሰድኳት ስለነበረች ነጭ፣ ለስላሳና እኩል ሆና በቅላ ነበር። በሠላሳ ሦስት ዓመት ከአለቃ አፍ ምስጋና የሰማሁት ሦስት ጊዜ ነው። ያ አንዱ ነው። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ከዚያ በኋላ ሰባት ቦታ መንካት ተውኩ። በየሦስት ወሩ የአሮጊቷን ፕሌት አያለሁ፤ የተጨማደደው አለ፣ የለሰለሰው አለ። ከሁሉ የነጣውን፣ ከሁሉ የፈጠነውን አንዱን ቦታ እመርጣለሁ፣ ከእሱ ብቻ አዛውራለሁ። ማስታወሻው ላይ እንደተማርኩት በእርሳስ «ከአንድ ቦታ» ብዬ እጽፋለሁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ መጨማደድ የሚባል ጠፋ። በየትም ቦታ ብትነካት ለስላሳ ሆነች። «አሮጊቷ ኮረዳ ሆነች» እያልን ሳቅን። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ እንዲያውም ቀልዱን የጀመርኩት እኔ ነኝ።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሄደ። ከዚያ ኃላፊው የባክቴሪያዎቹ መዝገብ ይታደስ አለ፤ እያንዳንዷ ትሠራዋለች የተባለውን ትሠራ እንደሆነ ይፈተሽ ተባለ። አሮጊቷን መግል አምጪው ጀርም መሐል አስቀመጥኳት። በሁለተኛው ቀን ጀርሙ እስከ እግሯ ድረስ በቅሏል። ክብ የለም። ደገምኩ፤ የለም። ሦስተኛ ጊዜም የለም።

ያን ከሰዓት ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ማስታወሻዬን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ከአንድ ቦታ። ከአንድ ቦታ። ከአንድ ቦታ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው እውነት ነው፤ አንድም አልጎደለም። ያኔ ጋሽ ዘሪሁን ሠራተኛው ይበላል ያሉት ነገር ትዝ አለኝ። ፕሌት ውስጥ ጠላት የለም፣ ምግብ ሞልቷል። ሠራተኞቿን ያባረረችው ከእህቶቿ ቀድማ ታድጋለች፣ ትለሰልሳለች፣ ታምራለች። እኔ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየመጣሁ ያቺኑ መርጬ ሌሎቹን እጥላለሁ። አፈሩ በስንት ሺህ ዘመን የሠራውን በአሥራ አንድ ዓመት አፈረስኩት፤ ያውም ደስ እያለኝ።

ውጤቱን ለኃላፊው ስነግረው «መብራቱ ይሆን እንዴ?» አለ።

«ሊሆን ይችላል» አልኩ።

ትንሽ አሰበና «ወይም ከመጀመሪያውም አልነበረም። ሽማግሌው ሌላ ነገር ተቀላቅሎባቸው ይሆናል» አለ።

መዝገቡ ላይ «የቀድሞው ውጤት አልተረጋገጠም፤ በብክለት የመጣ ሊሆን ይችላል» ብሎ ጻፈበት። ጋሽ ዘሪሁን በሥራ ዘመናቸው ያገኙት ዋና ነገር እሷ ነበረች፤ እኔ ቆሜ እያየሁ በአንድ መስመር ተሰረዘች። ለምን አልተናገርሽም ብትሉኝ፣ ፈራሁ። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር፤ የዲሲፕሊን ደብዳቤ ይዤ መውጣት አልፈለግኩም። ከዚያ በላይ ግን አፍሬ ነበር። ለበዓል ለጋሽ ዘሪሁን እደውል ነበር፤ ስለ ልጆቼ ጠይቀው ሲያበቁ ሁልጊዜ «አሮጊቷ እንዴት ናት?» ይሉኛል፣ እኔም «ደህና ናት» እላለሁ። ከዚያም በኋላ ሁለት በዓል ያንኑ መለስኩላቸው። በሦስተኛው በዓል ሳይጠይቁኝ ዘጉ።

ጡረታዬ አንድ ዓመት ሲቀረው ዶክተር ህሊና የምትባል ወጣት ተመራማሪ ተቀጠረች። የመጣችበት ጉዳይ የአፈር ባክቴሪያዎች መድኃኒት የሚሆኑ ነገሮችን የሚሠሩባቸው ኢንዛይሞች እንዴት እንደተለወጡ፣ ከየትኛው አሮጌ ኢንዛይም እንደወጡ ማጥናት ነው። የቆዩ ፋይሎችን ስታገላብጥ የጋሽ ዘሪሁንን ሥዕሎች አገኘች።

«እትዬ ዘይነባ፣ እነዚህን አይተዋቸዋል?» አለችኝ። «ብክለት ቢሆን አንድ ዓመት ይታያል፣ በሚቀጥለው ይጠፋል። ስምንት ዓመት ሙሉ በአንድ ልክ የሚመላለስ ብክለት አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አልኩ። ያን ቀንም ሌላ አልተናገርኩም።

አዲስ አፈር እናምጣ አለች። ይዣት ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድኩ። የጣውላው ቤት የለም፣ የአባቴም ሱቅ የለም፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድና ሣር ሆኗል፤ አፈሩም ከሌላ ቦታ በመኪና የመጣ ነው። እንዲያው ለተስፋ ያህል ሣሩ ዳር ተንበርክከን በማንኪያ ስንጭር አንድ ጥበቃ መጣብን።

«እናት፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«አፈር እየወሰድን ነው፤ ለመድኃኒት።»

«የየትኛው ጸበል ነው?» አለ፤ ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለወገብ ይሆናል?»

ህሊና ሳቀች። ጥበቃው ጥቂት እንድንወስድ ፈቀደልን፤ ከዚያ አፈር በኋላ የበቀለችው ሁሉ ግን አሮጊቷን አልመሰለችም። በመመለሻችን ህሊና ደክሟት በየመሐሉ እየቆመች የጉልበቷን አፈር ታራግፍ ነበር። እኔን የከነከነኝ ያ ነው። ሴትዮዋ በእኔ ምክንያት መንገድ ለመንገድ አፈር ትጭራለች።

በማግስቱ ቡናማዋን ጠርሙስ ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ጋሽ ዘሪሁን ጨምቀው ያደረቁት የአሮጊቷ መርዝ ትንሽ ቀርቶ ነበር። «አሁን ያለችውን አሮጊት ፕሌት ላይ ቀቢና ይህንን መሐሏ አድርጊ» አልኳት። በሁለተኛው ቀን መጥታ ጠራችኝ። ለስላሳዋ ባክቴሪያ ፕሌቱን ሞልታዋለች፤ መርዙ ያለበት ዙሪያ ግን የሁለት ጣት ስፋት ያህል ንጹሕ ነው።

«የራሷ መርዝ ገደላት» አለች ህሊና። «ማርከሻውንም አጥታዋለች ማለት ነው። እንዴት?»

«በእኔ» አልኩና ማስታወሻዎቹን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። ሁሉንም ተናገርኩ። አልተቆጣችም። እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስታ ሻይ አስመጣችልኝ። ከሻዩ ይልቅ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጂኖቿ ሁሉ የተደረደሩበት ዘረ መሏ ውጭ አገር ተልኮ ተነበበ፤ መልሱ ለመምጣት ወራት ፈጀ። የአሮጊቷ ዘረ መል እንደ ክር ረጅም ነው፤ የክሩ አንዱ ጫፍ ተቆርጦ ጠፍቷል። ሠራተኞቹም ማርከሻውም የተጻፉት እዚያ ነበር። ከተቆረጠበት ቦታ ላይ ግን የአንድ ጂን ግማሽ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ህሊና ያንን ግማሽ ወስዳ ባክቴሪያዋ እስካሁን ከምትሠራበት የስብ ጂን ጋር አስተያየችው። ይመሳሰላሉ፤ ካንድ እናት የወጡ እህትማማቾች ናቸው፤ አንደኛዋ ግን መንገድ ቀይራለች። ጋሽ ዘሪሁን ሳያዩ የተናገሩት ነው። ህሊና መዝገቡን አስተካከለች። «በተደጋጋሚ ዝውውር ምክንያት ችሎታዋን አጥታለች» ብላ ጻፈች።

«ቴክኒሽያኗ ከአንድ ቦታ ብቻ በመውሰዷ ብለሽ ጻፊ እንጂ» አልኳት።

«እንዲህ ተብሎ አይጻፍም፣ እትዬ ዘይነባ።»

«እንግዲያው በአፌ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

ጋሽ ዘሪሁን ከሥላሴ ጀርባ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። የሄድኩት ሐሙስ ከሰዓት ነው። ቀጥነዋል፣ ጆሯቸውም ደከም ብሏል፤ ስለዚህ ኃጢአቴን ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ። ስለ ፕሌቱ፣ ስለ ጎብኚዎቹ፣ ስለ አንድ ቦታ፣ ስለ ተቆረጠው ጫፍና እዚያ ስለቀረው ግማሽ ጂን ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

«ግማሹ ጂን አለ?» አሉ።

«አለ።»

«የስቡ እህት ነው?»

«እህት ነው ብላለች ህሊና።»

ጉልበታቸውን በእጃቸው መቱት። ከልባቸው ሳቁ፤ እንዲያ ሲስቁ አሥራ ሰባት ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ አይቼ አላውቅም።

«ነበረች ማለት ነው» አሉ።

«ነበረች።»

«አልተሳሳትኩም።»

«አልተሳሳቱም፣ ጋሼ።»

ሳቁ ቀስ እያለ ከፊታቸው ጠፋ። «መዝገቡ ላይ የተጻፈውን አንድ ሰው ነግሮኝ ነበር» አሉ። «መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ ግን አመንኩት። ስምንት ዓመት ሙሉ ቆሻሻ ስለካ ኖሬያለሁ ብዬ አመንኩ። የልጅ ልጆቼ ምን ነበር ሥራህ ሲሉኝ የቢሮ ሠራተኛ ነበርኩ እላቸው ጀመር።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ መቼ ነው ያወቅሽው?»

ባለፈው ወር ማለት እችል ነበር። ህሊናም አታጋልጠኝም ነበር።

«ያኔውኑ ነው» አልኩ።

«ያኔውኑ።»

«አዎ።»

«ስትደውዪልኝ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ባክቴሪያዋስ ትጥፋ» አሉ። «ባክቴሪያ ይጠፋል። አሁን ሂጂ።»

ከሥላሴ እስከ ፒያሳ በእግሬ ሄድኩ፤ እያለቀስኩ። አሮጊቷ መርዟን እንዳጣች ያወቅኩ ቀን አላለቀስኩም ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ ተመልሼ ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ፤ ደፍ ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ግቢ» አሉ በመጨረሻ። «ስለ እሷ ብቻ ነው የምናወራው።»

ይኸው ጡረታ ከወጣሁም ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ እሄዳለሁ። ህሊና አዲስ ያገኘችውን ትነግረኛለች፣ እኔ ጮክ ብዬ እነግራቸዋለሁ፤ ስለ ተገለበጠው ጂን፣ ስለ ስብ ሠሪዎቹ፣ የትኛው ሠራተኛ ከየትኛው እንደወጣ እንከራከራለን። ሲከራከሩ እንደ ዱሮው ናቸው። ስለ ልጆቼ ግን ከዚያ ወዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም ስለ ጤናቸው አልጠይቃቸውም።